ጮቄ ላይ ነፋስ በሚበረታበት ጊዜ የእግር ጉዞ፦ ስምንት ሆነን ልንወጣ ነው፣ ምን እናድርግ?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የጮቄን ተራራ በእግር ልንወጣ ያሰብን ስምንት ጓደኛሞች ነን፤ አምስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ስድስታችን ደብረ ማርቆስ ነን፣ ሁለቱ ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ቀኑ ታኅሣሥ ውስጥ ቅዳሜ ነው። በረቡዕ ገበያ ከተማ በኩል መኪና እስከሚመቸን ድረስ ወጥተን፣ የቀረውን በእግር ሄደን ያኑ ቀን ልንመለስ ነው። ማደር የለም።

የሚያሳስበን ዝናብ ሳይሆን ነፋሱ ነው። ፀሐይ ወጥታም ሰው ይንቀጠቀጣል ይሉናል። ጋቢ ይበቃል ወይስ ጃኬት ግድ ነው? ጥላ መያዝ ይጠቅማል? ነፋሱ ሲበረታ መመለስ ያለብን መቼ ነው? ምሳ የት ቁጭ ተብሎ ይበላል? ጾም ስለሆነስ ምን እንያዝ? ከመካከላችን አንዷ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን፤ "ተጠንቀቁ" ብቻ ብላችሁ አትለፉን።

ደገኛው

ከጠየቅኸው ሁሉ ዋናው "መቼ እንመለስ" የሚለው ነው። ልብሱም፣ ስንቁም፣ የመነሻ ሰዓቱም ከእሱ ይመጣሉ።

ጮቄ እንደ ስሜን ተራሮች ገደል የበዛበት አይደለም። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀጠን ያለ ላቫ በሰፊው እየፈሰሰ የሠራው፣ እንደ ተደፋ ጋሻ የተንጣለለ ተራራ ነው። አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም ዳገቱ ረጋ ያለ ነው። ለእግር ደግ ነው፣ ለነፋስ ግን ክፉ። ባሕር ዛፉ ካለቀ በኋላ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከአስታው በላይ ጓሣ የሚባለው ሣርና ጅብራ ብቻ ነው። ነፋሱን የሚሰብር ነገር አታገኙም።

የብርዱ ሒሳብ ይህን ይመስላል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ናት። ስለዚህ እዚያ 15 ዲግሪ ሲሆን 4,000 ሜትር ላይ 5 ያህል ነው። 5 ዲግሪ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ገላ የሚሰማው 1 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ነፋሱ 40 ከደረሰ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ይህም ለደረቅ ሰው ነው። ዳገት ላይ ላብ ያሰመጠው ሰው አናቱ ላይ ሲቆም ከዚህ የባሰ ያገኘዋል። ፀሐይ እያለ የሚያንቀጠቅጠው እንግዲህ ይህ ነው።

ሌላው፣ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። "ትንሽ ጨመረ" ያላችሁት ነገር እግር ላይ ትንሽ አይደለም።

መለኪያ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። አቧራና ብጣሽ ወረቀት ካነሳ ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልብስ ደርቦ መሄድ ይቻላል። የተዘረጋ ጥላ ለመያዝ ካስቸገረ 40 ደርሷል። ፊት ለፊቱ ስትሄዱ ወደፊት ማዘንበል ግድ ካላችሁ 50 አልፏል፤ እዚህ ላይ ከፍታ መጨመር ይቁም። እርምጃ ከመሥመር እያስወጣችሁ ከሆነ 60 አልፏል፤ ውይይት የለም፣ መውረድ ነው። ጥላን በተመለከተ መልሴ ይኸው ነው፤ ለመለኪያ ካልሆነ በቀር መኪና ውስጥ ይቅር። ሲገለበጥ ሽቦው ዓይን ይወጋል፣ አንድ እጅም ያስራል።

ሰዓቱስ? በበጋ ሌሊቱን መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት አየሩ ብዙውን ጊዜ ረጋ ይላል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ከታች ያለው አየር ይነሳል፣ ከላይ ያለው ፈጣን ነፋስ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበረታል። ከማርቆስ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እግር ይጀምር። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የትም ሁኑ የት ዙሩ። አናቱ ፊት ለፊት እየታየም ቢሆን። ይህን ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት ስምንታችሁም እሺ በሉበት፤ ላይ ሆኖ መከራከር ብርድ ላይ ቆሞ መከራከር ነው።

አቅጣጫም አለ። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ በኩል ነው የሚመጣው፣ ግን የዕለቱን እዚያው አረጋግጡ፦ ከመኪና ስትወርዱ ጭብጥ ደረቅ ሣር በትኑና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ስትሄዱ ነፋሱ ፊታችሁን ወይም ጎናችሁን፣ ስትመለሱ ጀርባችሁን እንዲመታ አድርጋችሁ መንገድ ምረጡ። በጀርባ ነፋስ እየተገፉ ሄዶ፣ ደክሞ በፊት ነፋስ መመለስ ነው ብዙ ቡድን የሚያስቸግረው። ሲሄድ አይታወቅም፤ ሲዞር ነው የሚታወቀው።

ፈታይ

ስለ ጋቢው ልመልስ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው ጋቢን ይንቃል፣ ግማሹ ደግሞ ያመልካል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ጋቢ በአራት የተደረበ የጥጥ ሸማ ነው። የሚያሞቀው በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ነፋስ ግን በሸማው ቀዳዳ እየገባ ያን አየር ይዞት ይሄዳል። ሜዳ ላይ ከላይ የለበሳችሁት ጋቢ ይርገበገባል፣ ይጎትታል፣ አንድ እጅ ሁልጊዜ እሱን ሲይዝ ይውላል። ጭጋግ ወይም በረዶ ካረጠበው ደግሞ ይከብዳል፤ እዚያ ላይ አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢ ያዙ፣ ግን እየተራመዳችሁ አትልበሱት። በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ስታርፉ አውጡት፣ ከላዩ ነፋስ የማያስገባ ነገር ደርቡበት፤ ያኔ ከማንኛውም ጃኬት ይበልጣል። ለስምንት ሰው ስምንት ጋቢ ሸክም ነው። አራት ይበቃል፤ ሁለት ሁለት ሆኖ አንዱን መልበስ የበለጠ ያሞቃል። ቡሉኮ ካላችሁ አንዱን መኪና ውስጥ ተዉት፣ ለመመለሻ።

ለሚራመድ ሰው ሦስት ድርብ ነው። ገላ ላይ የኳስ ማሊያ ዓይነት ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፤ የጥጥ ካናቴራ አይሁን፣ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል። ከላዩ የሱፍ ሹራብ። ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፤ ከሌለ ተራው የላስቲክ ዝናብ ልብስም ያገለግላል፣ ብቻ ሰፊውን መርጣችሁ ወገብ ላይ በመቀነት ወይም በገመድ እሰሩት። ላስቲክ ላብ አያስወጣም፤ ዳገት ላይ አውልቁት፣ ሜዳው ላይ ከመድረሳችሁ 50 እርምጃ ቀደም ብላችሁ ልበሱት። ከበረዳችሁ በኋላ መደረብ ዘግይቷል። ከመኪና ስትወርዱ ትንሽ ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ካለ አለባበሳችሁ ልክ ነው፤ ከሞቃችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ታልባላችሁ።

ጂንስ አይሁን። ሴቶቹ ቀሚስ የሚለብሱ ከሆነ ከሥር ሱሪ፣ የቀሚሱ ጫፍ ደግሞ ጉልበት ላይ ተሰብስቦ በመቀነት ይታሰር፤ የጎን ነፋስ ቀሚስን እግር ላይ ጠምጥሞ ይጥላል። ባለ ክንፍ ባርኔጣ ማሰሪያ ከሌለው በመጀመሪያው ነፋስ ይሄዳል፣ የሹራብ ኮፍያ ይሻላል። ነጠላ አንገትና ጆሮ ላይ ጠምጥሙ፣ ጫፉን ግን ጃኬት ውስጥ ክተቱት። ጓንት ያልገዛ ሰው ወፍራም የሱፍ ካልሲ እጁ ላይ ያጥልቅ፤ አያምርም፣ ይሠራል።

ጫማ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን፣ ጓሣው መካከል ያለው ጉድጓድ አይታይምና። ጮቄ ምንጭ የበዛበት ስለሆነ በበጋም ረግረግ አለ፤ ለምለም መስሎ የሚታየው ቦታ ብዙ ጊዜ ውሃ ነው፣ ደረቁ ጓሣ ጉብ ጉብ ያለበትን ይዛችሁ ዙሩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትርፍ ካልሲና ሁለት ፌስታል፤ ጫማው ከራሰ ደረቁን ካልሲ አድርጎ እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ ጫማውን ያደርጋል።

ረዳቱ

አጠር ላድርገው። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ላይ መውጣትም መቻሉን ረቡዕ ገበያ ላለ ሰውና ለቀበሌው ደውላችሁ ጠይቁ፤ በወሬ አትሂዱ። መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ። ከዚያው ከላይኛው መንደር አንድ የሚመራ ሰው ከነፈረሱ ተከራዩ። ፈረሱ ቦርሳ ይይዛል፣ ቀስ የምትለዋ ልጅ ከደከማት ደግሞ ያወርዳታል። ሰውየው የእረኞቹን ውሾች ያውቃል፣ እናንተን ግን ውሾቹ አያውቋችሁም። ዋጋውን፣ ፈረሱ እስከ የት እንደሚሄድና መመለሻው የተካተተ መሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መኪናው ሲቆም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያድርግ። ጀርባውን ከሰጠ በር ስትከፍቱ ነፋሱ ነጥቆ ማጠፊያውን ያጣምመዋል። ሹፌሩ ከተስማማችሁበት ቦታ እንዳይነቃነቅ በደንብ ንገሩት፤ መንገዱ ጮቄን አልፎ ወደ ድጓ ጽዮንና ሞጣ የሚወርድ ስለሆነ "እዚያ ማዶ እጠብቃችኋለሁ" የሚል ነገር ግራ ያጋባል። ስልክ በየቦታው አይሠራም።

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን። የሚመራ ሰውና ፈረስ እናገኛለን። ሁለት ነገር ቀረ፦ ድንገት ጭጋግ ቢይዘን ወንዝ ተከትሎ መውረድ ያወጣል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? ሌላው፣ ከባሕር ዳር የሚመጡት ልጆች ዓርብ ማታ ገብተው ሌሊቱን እንነሳ ነው የሚሉት። ያንደኛው ሐሳብ ደግሞ ለብርዱ ትንሽ አረቄ እንያዝ ነው።

ሐኪም ቤት

አረቄው ይቅር። ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ፊትና እጅ ይሞቃል፣ የሆድና የደረት ሙቀት ግን በዚያው እየወጣ ያልቃል። ሰውየው ሞቀኝ እያለ ይቀዘቅዛል። ማታ ማርቆስ ስትመለሱ እንደፈለጋችሁ።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ተነስቶ በ16 ሰዓት ውስጥ 4,000 መድረስ ለብዙ ሰው ራስ ምታት ነው። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ያህል ነው፤ ማርቆስ ላይ 75 በመቶ አካባቢ። ልጆቹ ቢችሉ ሐሙስ ገብተው ዓርብን ማርቆስ ይዋሉ። ካልቻሉ አናቱን ግዴታ አታድርጉባቸው። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ውሃ ጠጥቶ፣ ዐርፎ፣ ቀስ ብሎ ማየት ይቻላል። ማስመለስ፣ መንገዳገድ ወይም ተቀምጦም የማይቆም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረ ግን ወዲያው ውረዱ፤ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር መውረድ ከክኒን ይበልጣል። ብቻውንም አይወርድም፣ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ።

የብርድ ጉዳት አመጣጡ ይታወቃል፣ ግን የሚያውቀው ጓደኛ ነው እንጂ ራሱ በሽተኛው አይደለም። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። ቀጥሎ ዝም ይላል ወይም ይነጫነጫል፣ ከኋላ ይቀራል፣ ይደናቀፋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። በጣም አደገኛው መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ሲቆም ነው፤ "ተሻለው" ብላችሁ እንዳትታለሉ። ዝምተኛ የሆነውን ሰው በየግማሽ ሰዓቱ አናግሩት፤ አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ እንዲያገናኝ ጠይቁት፣ ካቃተው ቁሙ።

ሲገኝ ደግሞ፦ ከነፋስ አውጡት፣ ከመሬቱ ለዩት (ቦርሳ ላይ ይቀመጥ)፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ ሹራብና ጋቢ አልብሱት፣ ከላይ ላስቲክ። አፉ በትክክል የሚውጥ ከሆነ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹት፣ እሳት ላይም አታስጠጉት።

ለዚህ የሚሆን አንድ ዕቃ ልንገራችሁ፦ 4 በ5 ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ። ስምንታችሁ ክብ ሠርታችሁ፣ ቦርሳችሁ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ላስቲኩን በሁላችሁም ራስ ላይ ትዘረጉታላችሁ። ጠርዙን እያንዳንዱ ሰው ከጀርባው አውርዶ ከመቀመጫው ሥር ይይዘዋል። በ5 ደቂቃ ውስጥ በስምንት ሰው ትንፋሽ ይሞቃል። በነፋሱ ተቃራኒ በኩል እጅ የምታህል ክፍተት ተዉለት። ከሰልም ሆነ ማንኛውም እሳት ውስጡ አይግባ፤ ጭሱ የማይታይ መርዝ አለው።

ፀሐዩንም አትርሱ። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ነፋሱ ደግሞ ቃጠሎው እንዳይሰማ ያደርጋል። ቫዝሊን ከንፈርን ከመሰንጠቅ ይከላከላል እንጂ ከፀሐይ አይከላከልም፤ የፀሐይ ክሬምና መነጽር ያዙ።

ደገኛው

ወንዝ ተከትሎ መውረድ የሚለው ምክር ጮቄ ላይ አይሠራም። ጮቄ ውሃውን ወደየአቅጣጫው ነው የሚያወርደው። ጨሞጋ ወደ ማርቆስ በኩል ይወርዳል፣ ሙጋና ሱሃ በሌላ ወገን፣ በሰሜን በኩል የሚነሳው ደግሞ ወደ ሞጣ ይሄዳል። ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው፣ እናንተ ግን መጨረሻችሁ መኪናው መሆን አለበት። አናቱ ላይ በሁለት ምንጮች መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው፤ በጭጋግ የተሳሳተውን ይዞ የወረደ ሰው ሌላ ወረዳ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ ወንዙ ዝቅ ሲል ሸለቆው እየጠለቀ ጫፉ ገደል ይሆናል።

ጭጋግ ሲመጣ መጀመሪያ ቁሙና ተቆጠሩ። ስልካችሁ ላይ ካርታውን ማርቆስ ሳላችሁ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርዱት፤ መኪናው የቆመበትን ነጥብ ምልክት አድርጉ። ይህ በሁለት ስልክ ይሁን። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኮቹ በውስጥ ኪስ፣ ከገላ አጠገብ። ከዚያ ወደ መኪና መንገዱ ውጡና መንገዱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቢረዝምም መንገድ አይጠፋም። የሚመራው ሰው ካለ ከስልኩ ይልቅ እሱን ስሙ።

ቀስ የምትለዋን ልጅ ከኋላ አታስቀሯት። ሁለተኛ ተራ ላይ ትሁን፣ ከፊቷ የሚሄደው በእሷ እርምጃ ይሂድ። ከኋላ የተተወ ሰው ሲደርስ ሌላው ዐርፎ ይነሳል፤ እሷ ሳታርፍ ትቀጥላለች፣ በዚያው ትደክማለች። መጨረሻ ላይ ጠንካራ ሰው ይሁን፣ ትርፉን ልብስና ላስቲኩን እሱ ይያዝ። የፊት ነፋስ ሲሆን ተጠጋግታችሁ በአንድ መሥመር ሂዱ፤ ፊተኛው በየ10 ደቂቃው ይቀየር። ነፋስ ላይ ድምፅ አይሰማም፦ እጅ ወደ ላይ "ቁሙ"፣ ሁለት እጅ ራስ ላይ "እንመለስ" ይሁን። ከ3,500 ሜትር በላይ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ አትቁጠሩ፤ በየ300 ሜትር ከፍታው ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ።

ለዕረፍት ጉብታው አናት ላይ ሳይሆን ነፋሱ ከማይመታው ወገን 20 ወይም 30 ሜትር ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ልክ ከጠርዙ ሥር ያለው ቦታ ነፋሱ እየተገለበጠ የሚወርድበት ስለሆነ አያሳርፍም። ዕረፍት 5 ደቂቃ በቂ ነው፣ ምሳ 20።

በታኅሣሥ ነጎድጓድ ብዙም አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ከተቆለለ ግን መብረቁ በታየና ድምፁ በተሰማ መካከል ያለውን ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሰከንድ ካልሞላ ከአናቱ ውረዱ። ብረት የጫፉ አንካሴ የያዘ ካለ ያስቀምጠው፣ ተራራቁ።

ባለ በሶ

የስንቁን ነገር ዘለላችሁት፣ ልጁ ጾም ነው ብሏል። ጾመ ነቢያት ቢሆንም ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንቆይበት ቀን አይደለም፤ ጥሉላት ነው የሚከለከለው። ስለዚህ ጠዋት ብሉ። ባዶ ሆድ ብርድ አይችልም።

ለስምንት ሰው፦ በሶ 1 ኪሎ ተኩል፣ ቆሎ 2 ኪሎ፣ ኦቾሎኒ 1 ኪሎ፣ ቴምር 1 ኪሎ፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ። ጭኮ የምትሠሩ ከሆነ በቅቤ ሳይሆን በዘይት፣ ጠንከር አድርጋችሁ በእንክብል፤ በጓንት ይበላል፣ አይፈርስም። በሶውን ቤት ሳላችሁ ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር ደባልቁት። ለአንድ ሰው አራት የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ነቅንቆ መጠጣት ነው። ዱቄቱን እዚያ ላይ ከፍቶ መበጥበጥ ግን አይታሰብ፣ ነፋሱ ለጎረቤት ያድለዋል። እንጀራ በወጥ ይቅር፤ እጅ ይርሳል፣ የራሰ እጅ ደግሞ ወዲያው ይደነዝዛል። ምሳ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ በየሰዓቱ አንድ ጭብጥ ቆሎ ከኪስ።

ውሃ ለሰው 2 ሊትር። ብርድ ጥማትን ስለሚደብቅ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

ልጆቹ ሐሙስ ለመግባት ተስማምተዋል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ትንሿን የጋዝ ምድጃ ይዘን እዚያው ቡና ማፍላት እንችላለን? ካልሆነስ እንጨት ለቅሞ?

ፈታይ

እንጨት አይሆንም። የሚነደው አስታውና ደረቅ ጓሣው ነው። በዚያ ነፋስ አንድ ፍንጣሪ ጓሣ ውስጥ ከገባች አትደርሱባትም፤ ጓሣው ደግሞ የሰው ቤት ክዳንና የከብት ሣር ነው።

ምድጃው ይቻላል፣ ግን ጣጣ አለው። በርካሹ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ጋዝ ቡቴን ከሆነ ብርድ ላይ መትነኑ ይዳከማል፤ ጋዝ እያለው ነበልባሉ ይደክማል። ጠዋት ጃኬት ውስጥ ይዛችሁት ውጡ። ከነፋስ ለመከለል በሦስት ጎን ድንጋይ አቁሙ፣ አራተኛው ክፍት ይሁን፤ ቆርቆሮውን ዙሪያውን ከዘጋችሁት ይግልና ይፈነዳል። ከሥሩ ያለውን ሣር አንሱ፣ አፈር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ቡናው ይፈላል፣ ግን ጋዙም ሰዓቱም ይበላል፣ ሲኒ ላይ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። የ20 ደቂቃ ምሳችሁን 1 ሰዓት ያደርገዋል፣ 5 ሰዓት ተኩል የሚለው ስምምነት ያኔ ፈረሰ ማለት ነው።

የሚሻለው ሦስት ባለ 1 ሊትር ፔርሙዝ ነው። ማታውኑ ዝንጅብል ቀቅላችሁ አስቀምጡ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ፔርሙዞቹን በፈላ ውሃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ አቆዩና ድፉት፣ ከዚያ የፈላውን ሻይ እስከ አፉ ሙሉበት፤ ጎዶሎ ፔርሙዝ ቶሎ ይበርዳል። በሹራብ ጠቅልላችሁ ቦርሳ መካከል አድርጉት። አንዱ እስከ መመለሻው አይከፈት፣ የተያዘው ለበረደው ሰው ነው። ቡናውን መኪናው ጋ ስትወርዱ አፍሉት።

ምንጭ ውሃ ለመጠጣት ካሰባችሁ፣ ከላይ በግ ስለሚሰማራ ጥራቱ በዓይን አይታወቅም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በብልቃጡ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ የተባለውን ደቂቃ ጠብቁ። ጠበል ተብለው የተከለሉ ምንጮች ስላሉ ደግሞ እጅና ዕቃ ከመታጠባችሁ በፊት የሚመራችሁን ሰው ጠይቁ።